የተደገፈበት ግድግዳ

ቢላዋው ግድግዳውን ሊነካ አንድ ጣት ሲቀረው እናቷ ክንዷን ያዘቻት።

"ሌላውን ቦታ እንደፈለግሽ ፋቂ" አለች። "እሱን ግን በስለት አትንኪው።"

መምህርቷ ቢላዋውን ዝቅ አደረገች እንጂ ከተንበረከከችበት አልተነሳችም። ከፊቷ፣ በመኝታ ክፍሉ ግድግዳ ላይ፣ የተቀመጠ ሰው የሚያህል ነጭ ነገር ወጥቷል። ከርቀት ሲያዩት ዱቄት የተነሰነሰበት ይመስላል። ቀረብ ሲሉ ግን ጥቃቅን ፍሬዎች ተደራርበው የሠሩት መሆኑ ይታያል። ከታች ሰፋ ብሎ ይጀምርና ወገብ ላይ ይጠብባል፤ እንደገና ትከሻ ሆኖ ይሰፋል፤ ከትከሻው በላይ ደግሞ ትንሽ ወደ ግራ ያዘነበለ ክብ አለ። አባቷም አንገቱን ወደ ግራ ያዘነብል ነበር። ፋብሪካ ውስጥ የቆዳ ክምር ወድቆበት ነው ይባላል፤ እሱ ግን ምክንያቱን ሲጠይቁት "ሚስቴ በቀኝ በኩል ስለምትናገረኝ ነው" እያለ ሰው ያስቅ ነበር። ከሞተ ስምንት ወሩ ነው።

ባለፈው ቅዳሜ ስትመጣ ምስሉ እጅ አልነበረውም። ዛሬ አለው። ከቀኝ ትከሻው ቁልቁል ወርዶ፣ ሰው ከመቀመጫው ሊነሳ ሲል ግድግዳውን እንደሚገፋ፣ አምስት ጣት የሚመስል ነጭ ነገር ተዘርግቷል። መምህርቷ ይህን ለእናቷ አልተናገረችም። እናቷ ግን አይታዋለች፤ እያየችው እንደሆነ ከፊቷ ይነበባል።

በሩ ላይ የቆመው ግንበኛ ጉሮሮውን ጠረገ። የሰፈሩ ሰው ውሃልክ ብሎ ነው የሚጠራው። የተጣመመ ነገር ማየት ስለማይወድ፣ ሻይ ሲጋብዙት እንኳ መጀመሪያ ውሃልኩን ጠረጴዛው ላይ አጋድሞ አረፋዋ መሃል መግባቷን ያያል። ጠረጴዛው ከተጣመመ ሻዩን ቆሞ ይጠጣል። ዛሬ ያችን መሣሪያ ግድግዳው ላይ አቁሞ አረፋዋን ለረጅም ጊዜ ሲያያት ቆይቶ ነበር።

"እትዬ፣ ሦስት ጣት ወደ ውስጥ ሄዷል" አላት እናትየውን። "ጡቡን ጨው በልቶታል። በጥፍሬ ስነካው እንደ ብስኩት ነው የሚራገፈው። የጣሪያው አግዳሚ ያረፈው እዚሁ ላይ፣ አልጋዎትን ያስገቡት ደግሞ ከሥሩ።"

"እሱ አይወድቅብኝም" አለች እናትየው። "ሠላሳ አምስት ዓመት እጁን ያላነሳብኝ ሰው።"

ውሃልክ ሊስቅ ፈልጎ ሳቁ አልመጣለትም። ነገ ሦስት ሰዓት ላይ ሠራተኞችና የድጋፍ እንጨት ይዞ እንደሚመጣ፣ ሴትዮዋ ውስጥ እያሉ ግን አንድ ጡብ እንደማያነሳ ተናገረ። ከመውጣቱ በፊት መምህርቷን ወደ ጓሮ ጠራትና የግድግዳውን ሥር በእግሩ አሳያት።

"እኔን ያስቸገረኝ ውሃው ነው፣ መምህርት። በዚህ በኩል ቧንቧ የለም። ዝናብ ካየን ሦስት ወር አልፎናል። ውጪው እንደ አጥንት ደርቆ፣ ውስጡን ሲነኩት እርጥብ ነው። እዚህ ሥራ ላይ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው፤ ውሃ ከሌለበት ውሃ የሚጠጣ ግድግዳ ግን አላየሁም።" ሰማዩን ቀና ብሎ አየ። በምሥራቅ በኩል ደመና መሰብሰብ ጀምሯል። "ዝናቡ ከጣለ ደግሞ እኔን አይጠብቅም፤ እሱው ራሱ ያፈርሰዋል።"

መምህርቷ ስትመለስ እናቷ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ነበር። ወደ እኔ ቤት እንሂድ የሚለውን ነገር ለስንተኛ ጊዜ እንዳነሳችው አታውቅም። ሁለት ክፍል ተከራይታ ብቻዋን ነው የምትኖረው፤ ቦታ ሞልቷል፤ ፀሐይ ይገባል። እናቷ እስከ መጨረሻው በትዕግሥት አዳመጠቻት።

"አንቺ የተማርሽ ነሽ" አለች ሲያልቅላት። "ይሄ ነጭ ከየት እንደመጣ ትለዪዋለሽ አይደል? ከመሬት የመጣ ከሆነ ከመሬት ነው በዪኝ፤ ዛሬውኑ ዕቃዬን ጠቅልዬ እከተልሻለሁ። አባትሽ ከሆነ ግን ጣሪያው ላዬ ላይ ይውረድ እንጂ ንቅንቅ አልልም።"

"አባባ ጨው አይደለም፣ እማዬ።"

"ሃያ ስድስት ዓመት ጨው ውስጥ የኖረ ሰው፣ ታዲያ ምንድን ነው?"

አባቷ ቆዳ ፋብሪካ ውስጥ ጨው ክፍል ነበር የሚሠራው። ጥሬው ቆዳ እንዳይበሰብስ በአካፋ ጨው ይነሰንስበታል፤ ይገለብጠዋል፤ ደግሞ ይነሰንስበታል። የሌሊት ተረኛ ስለነበር ንጋት ላይ ነው ቤት የሚገባው። ኮቱ ከጨውና ከላብ የተነሳ ሲያወልቀው ብቻውን ሊቆም ምንም አይቀረው። ግን ወዲያው አያወልቀውም። በርጩማው ላይ ቁጭ ይልና ጀርባውን ለዚያ ግድግዳ ይሰጣል። እናቷ ሳፋ ውሃ ታመጣለታለች። እግሩን ይታጠባል፤ ውሃው እዚያው ሥሩ ይደፋል፤ ከዚያ ለግማሽ ሰዓት ያህል ዓይኑን ጨፍኖ ዝም ይላል። እሷ ደብተሯን ቦርሳዋ ውስጥ የምትከተው ከጎኑ ሆና ነበር። አንዳንዴ ከኮቱ ኪስ አንድ ፍሬ ጨው አውጥቶ መዳፏ ላይ ያስቀምጥላትና መስኮቱ ጋ ወስዶ ያሳያታል። አራት ማዕዘን ነው። ሌላም ያወጣል፤ እሱም አራት ማዕዘን ነው። ማን ቀረጸው ብላ ብትጠይቀው፣ ይሄንን የምትነግሪኝ አንቺ ነሽ፣ ለዚህ ነው የማስተምርሽ ይላታል።

ከሁሉ የሚቆጠቁጣት ግን ሌላ ነው። አሥራ አራት ዓመት ሲሆናት፣ አንድ ቀን ጠዋት፣ የረሳችውን ደብተር ይዞላት ከሥራ በቀጥታ ትምህርት ቤቷ በር ድረስ መጣ። ነጭ በነጭ ሆኖ፣ የቆዳው ሽታ አብሮት። ጓደኞቿ አፍንጫቸውን ይዘው ማነው ሲሏት "ጎረቤታችን ነው" አለች። ሰምቷት ይሁን አይሁን እስከ ዛሬ አታውቅም። ደብተሩን ሰጣት፤ "በይ ደህና ዋይ" አላት። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን የረሳችው ነገር ካለ ከትምህርት ቤቱ ማዶ፣ ከዘበኛው ቤት ጀርባ ተደብቆ ነበር የሚጠብቃት። ይህን ለማንም ተናግራ አታውቅም። ለእሱም ይቅርታ ሳትለው ሞተ።

ቦርሳዋን ከፈተች። በመሐረብ የጠቀለለቻቸው ሁለት የሙከራ ቱቦዎች፣ አንዲት ጥቁር ጠርሙስ ሲልቨር ናይትሬት የሚባል የጨው መፈተሻ፣ ጥቂት አሲድ፣ ከመኪና ዕቃ መሸጫ የገዛችው አንድ ሊትር የተጣራ የባትሪ ውሃ። የቧንቧ ውሃ የራሱ ጨው ስላለው ለዚህ አይሆንም። ከትምህርት ቤቱ ላብራቶሪ ስታወጣቸው ለቤት ሥራ ነው ብላ ነበር፤ ውሸትም አይደለም።

ወጥ ቤት ጠረጴዛው ላይ ደረደረቻቸው። እናቷ ወንበር ስባ እንደ ተማሪ ፊት ለፊቷ ተቀመጠች፤ ምን እንደምታደርግ አንድ በአንድ እንድትነግራት ፈልጋለች። መምህርቷም ሐሙስ ዕለት ለዘጠነኛ ክፍል ያስተማረችውን ደገመችላት። ሶዲየም የሚባል ብረት አለ፤ ለብቻው ሲሆን ውሃ ሲነካው የሚቀጣጠል። ክሎሪን የሚባል ጋዝ አለ፤ ለብቻው ሲሆን ሳንባ የሚያቃጥል። አንደኛው ዳር ላይ አንዲት ትርፍ ኤሌክትሮን አለችው፤ ሌላው አንዲት ጎድላዋለች። ሰጪው ሲሰጥ፣ ተቀባዩ ሲቀበል፣ ሁለቱም የድሮ አመላቸው ይጠፋል። አዮን ይባላሉ። የሰጠው ፖዘቲቭ፣ የተቀበለው ኔጌቲቭ ስለሚሆን ይሳሳባሉ፣ ይያያዛሉ፣ አንዱ በአንዱ ላይ በሥርዓት ይደረደራል። ያ አራት ማዕዘን ፍሬ ከዚያ ነው የሚመጣው።

"ይሄማ ትዳር ነው እንጂ ምን ኬሚስትሪ ነው" አለች እናቷ። ትንሽ አሰበችና "ከዚያስ አይለያዩም?" ብላ ጠየቀች።

"ውሃ ካልገባባቸው አይለያዩም። ውሃ ከገባ ሁለቱንም ከቦ ይለያያቸዋል። ውሃው ሲደርቅ ደግሞ ተመልሰው ይገናኛሉ።"

እዚህ ላይ ስትደርስ ሐሙስ ዕለት አንዲት ተማሪ ያነሳችው ጥያቄ ትዝ አላት። ቲቸር፣ ብላ ነበር ልጅቷ፣ ውሃው ሲደርቅ የሚያገኘው የድሮውን ጓደኛውን ነው ወይስ ያገኘውን? ክፍሉ ሳቀ። መምህርቷም አብራ ስቃ፣ ያገኘውን ነው፣ አዮን ማንንም አያስታውስም ብላ መለሰችላት። ልክ ነው መልሱ። ታዲያ ያ ከግድግዳ የወጣው ነገር አንገቱን ወደ የት ማዘንበል እንዳለበት ማን ነገረው?

ሥራዋን ቀጠለች። መጀመሪያ ከመኝታ ክፍሉ የማዶ ግድግዳ፣ ማንም ተደግፎት ከማያውቀው፣ ትንሽ ልስን ፍቃ በባትሪ ውሃ በጠበጠችው። አሲዱን፣ ቀጥሎም ከጥቁሩ ጠርሙስ ሦስት ጠብታ ጨመረችበት። ምንም የለም፤ እንደ ጠራ ቀረ። ያኛውን ናሙና ግን በስለት መውሰድ ስለተከለከለ እናቷ ራሷ በባትሪው ውሃ በራሰ ጥጥ ከትከሻው ላይ ጠረግ አድርጋ አመጣችላት። መምህርቷ ጥጡን ሁለተኛው ቱቦ ውስጥ ጨምቃ አሲዱን ጨመረችበት። ጥቁሩን ጠርሙስ ስታዘነብል ፈሳሹ ሦስት ጣቷ ላይ ፈሰሰ። ጠብታዋ ቱቦው ውስጥ ስትገባ ግን ውሃው ወዲያውኑ፣ ዓይን እስኪጨፈንና እስኪገለጥ እንኳ ሳይቆይ፣ ወተት ሆነ። ነጩ ነገር እየተቋጠረ ወደ ታች ወረደ።

ክሎራይድ ነው። የገበታ ጨው። ከመሬት የመጣ ቢሆን ኖሮ የማዶውም ግድግዳ በኖረው ነበር። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ከኮቱ፣ ከላቡ፣ ከአንገቱ እየተላቀቀ ጡቡ ውስጥ የገባ ነው፤ የተደገፈበት ቦታ ብቻ፣ በተደገፈበት ልክ።

"እህ?" አለች እናቷ።

መምህርቷ ባስተማረችበት አሥራ አንድ ዓመት ውስጥ የሙከራ ውጤት ቀይራ አታውቅም። ተማሪ ውጤት ሲያስተካክል ከያዘች ዜሮ ነው የምትሰጠው። አሁን ግን ዓይኗን በጨው አጥባ "እስከ ነገ ጠዋት መዝቀጥ አለበት" አለች። "ነገ ነው የሚታወቀው።" ነገ የጠራውን ቱቦ ታሳያታለች፤ ከመሬት ነው ትላታለች፤ እናቷ ትወጣለች፤ አለቀ። ሁለቱን ቱቦዎች የመኝታ ክፍሉ መስኮት ላይ አቆመቻቸው።

እናቷ ከአልጋዋ አልወርድም ስላለች ከጎኗ ተኛች፤ ግድግዳው ከራስጌያቸው ነበር። ሌሊቱን ደመናው ሰፈሩ ላይ አረፈ እንጂ አልዘነበም። ሊነጋጋ ሲል የውሃ ድምፅ ቀሰቀሳት። ከጎኗ ያለው ቦታ ባዶ ነው። ብድግ ብላ ስታይ መጀመሪያ ያየችው ግድግዳውን ነው፤ ነጩ ሰው የለም። በእሱ ፋንታ ጥቁር ሰው ተቀምጧል። ያው ትከሻ፣ ያው አንገት፣ ያው እጅ፤ ግን ርሶ የጠቆረ፣ ከግንባሩ ጠብታ እየወረደ። አየሩ እርጥብ ሲሆን ጨው እርጥበቱን እየሳበ እንደሚቀልጥ ታውቃለች።

እናቷ ከምስሉ እግር ሥር አጎንብሳ ነበር። ሳፋውን በሁለት እጇ ይዛ ውሃውን ቀስ እያደረገች፣ ሰው ላይ እንዳይረጭ እንደምትጠነቀቅ ሆና፣ ግድግዳው ሥር ታፈስሳለች።

"ጫማህን አውልቅ እንጂ" ትላለች በሹክሹክታ። "ሳታወልቅ ነው እንዴ የምትታጠበው ዛሬ።"

"እማዬ።"

እናቷ አልደነገጠችም። ሳፋውን አስቀምጣ በቀሚሷ እጇን አደረቀች።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?" አለች መምህርቷ።

"ከቀበርነው ማግሥት ጀምሮ። በነጋ ቁጥር ሰዓቱ ሲደርስ እነቃለሁ፤ ነቅቼ ዝም ብዬ ልቀመጥ? ሃያ ስድስት ዓመት ያቀረብኩትን ውሃ?" ከዚያ ልጅዋ የምትለውን አውቃ ቀደመቻት። "አንድ ሳፋ ውሃ ግድግዳ አይጥልም።"

ውሃልክ ከየት እንደሚመጣ ያጣው ውሃ ይህ ነበር። ስምንት ወር፣ በየቀኑ አንድ ሳፋ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው እንደሚባለው፣ እናቷ ባሏን አወጣሁ ስትል ግድግዳውን እያፈረሰች፣ በራሷ ላይ ልትጥለው ጥቂት ነው የቀራት። መምህርቷ መቆጣት ፈለገች፤ ግን ወደ መስኮቱ ዞረች።

ብርሃኑ መጥቷል። የጠራው ቱቦ እንደ ጠራ ነው። የሌላው ግን ትናንት ወተት የነበረው ዝቃጭ ጠቁሯል፤ ብርሃን ካገኘ ይጠቁራል፣ ይህንንም ታውቃለች። የጠራውን አነሳች። አፏ ውስጥ ያዘጋጀችው ቃል አለ፤ ከመሬት ነው፣ እማዬ፣ እንሂድ። ዞር ስትል እናቷ ቱቦውን አልነበረም የምታየው።

"እጅሽ ምን ሆነ?"

ሦስት ጣቶቿ ከጫፋቸው እስከ መሃላቸው ጠቁረዋል። ሰው ከሰል ውስጥ ነክሮ እንዳወጣቸው ናቸው።

"መድኃኒቱ ነው። ትናንት ፈሰሰብኝ፤ ብርሃን ሲያገኘው ይጠቁራል።"

"እንዲያው በባዶ ይጠቁራል?"

"ጨው ሲያገኝ። የሰው ላብ ውስጥም ጨው አለ። ከኔው ላብ ነው ያገኘው።"

እናቷ ጣቶቿን ይዛ ወደ ብርሃኑ አቀረበቻቸው፤ ከዚያም ግድግዳው ላይ ያለውን ጥቁር እጅ አየች። "የሱ ልጅ አይደለሽ እንዴ" ብቻ ነው ያለችው።

መምህርቷ የጠራውን ቱቦ መስኮቱ ላይ መለሰችው። አንድ ጊዜ ጎረቤታችን ነው ብላዋለች፤ ሁለተኛ ጊዜ አፏ እምቢ አላት።

"እሱ ነው" አለች። የጠቆረውን ቱቦ እናቷ እጅ ላይ አኖረችው። "ከመሬት አይደለም። ከኮቱና ከላቡ የገባ ነው። ትናንትም አውቄው ነበር፤ ዋሸሁሽ።"

እናቷ ደስ ይላታል ብላ ጠብቃ ነበር። እሷ ግን ቱቦውን ይዛ አልጋው ላይ ቀስ ብላ ተቀመጠች፤ ባለፉት ስምንት ወራት እንዲህ አርጅታ አላየቻትም። መምህርቷ ከፊቷ ተንበረከከችና የቀረውንም ነገረቻት። ጨው ደርቆ ጡቡ ውስጥ ሲቀመጥ ማንንም አይጎዳም። ውሃ ሲያገኝ ይቀልጣል፣ ውሃውን ተከትሎ ወደ ፊት ይመጣል፣ ውሃው ሲተን እዚያው ይደርቃል፣ ሲደርቅ ጡቡን ከውስጥ ይሰነጥቀዋል። በየጠዋቱ ሳፋው ነው ያወጣው። ዝናቡ ሲመጣ ደግሞ ከፍርስራሹ ጋር ታጥቦ ቦይ ውስጥ ይገባል።

ከውጪ የሩቅ ነጎድጓድ ተሰማ።

"ለካ ካረፈበት ያስነሳሁት እኔ ነኝ" አለች እናቷ። "እሱ ደክሞት ተቀምጧል፤ እኔ በነጋ ቁጥር ተነሳ እለዋለሁ።"

"በውሃ የመጣ በውሃ ይሄዳል፣ እማዬ። ቦይ ሳይወስደው እኛ እንውሰደው። አጥበነው፣ ውሃውን ይዘን እንሂድ።"

ውሃልክ ሦስት ሰዓት ላይ ከሁለት ሠራተኞችና ከድጋፍ እንጨቶቹ ጋር ሲመጣ ሁለቱ ሴቶች ጨርቅና ሳፋ ይዘው ግድግዳ ሲያጥቡ አገኛቸው። ሥራውን ያውቃል፤ የሚፈርስ ግድግዳ ሲታጠብ ግን ዛሬ ገና ማየቱ ነው፤ ይህንኑ ተናገረ። መምህርቷ ከምስሉ ራስ ነበር የጀመረችው። ጨርቁን በባትሪው ውሃ እያራሰች ጠረግ፣ ሳፋው ውስጥ ጭምቅ። ግንባሩን፣ ያዘነበለውን አንገቱን፣ ትከሻውን። ያ እጅ ላይ ስትደርስ ጨርቁን ትታ በባዶ መዳፏ አበሰችው። ቀዝቃዛ ነበር፤ የእሷ መዳፍ ልክ ተገጥሞበት ገባ። ከውስጥ በኩል አንድ ነገር መልሶ የገፋት መሰላት። ጡቡ ስለላላ ነው አለች ለራሷ፤ እጇን ግን ቶሎ አነሳች።

"እግሩን ተይልኝ" አለች እናቷ።

ጨርቁን ተቀበለቻት፤ በርጩማው ይቀመጥበት ከነበረው ቦታ ሥር ተንበርክካ ሁለቱን እግሮች አጠበች፤ አንዱን ጨርሳ ሌላውን፣ ሳትቸኩል። ውሃልክ ባርኔጣውን አውልቆ ወደ ጣሪያው እያየ ቆሞ ነበር። ድንገት "በቃ፣ ውጡ" አለና እናቷን በክንዷ ብድግ አደረጋት፤ መምህርቷም ሳፋውን አቅፋ ተከተለች። በሩን ሳያልፉ፣ ከላይ በኩል የበር መዝጊያ የሚያህል ልስን ከነጡቡ ተገንጥሎ አልጋው ላይ ወረደ፤ ትራሱ ላይ።

"እንደተባለው አልወደቀባቸውም" አለ ውሃልክ ቀስ ብሎ፣ ማን እንዳለ ሳይናገር።

ዕቃው በአንድ ፒክአፕ አለቀ። መምህርቷ ከፊት ወንበር ላይ ሳፋውን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ በፕላስቲክ ሸፍና፣ በሁለት እጇ ይዛ ሄደች። ዝናቡ ግማሽ መንገድ ላይ ያዛቸው። ሾፌሩ ጉድጓድ ሲያገኝ ሁሉ ዞር እያለ ያያታል፤ በመጨረሻ ምን እንደያዘች ጠየቃት። ውሃ ነው አለችው። ይሄ ሁሉ ውሃ ከሰማይ እየወረደ ውሃ ጭኖ መሄድ ምን ይሉታል ብሎ ሳቀ። እሷ ግን አንዲት ጠብታ አላፈሰሰችም።

ቤቷ ሲደርሱ ውሃውን በጨርቅ አጥልላ ሰፊ የመስታወት ትሪ ላይ ገለበጠችው፤ ትሪውንም ፀሐይ በሚገባበት መስኮት ላይ አኖረችው። በአራት አምስት ቀን ውሃው ይሄዳል፣ ጨው ይቀራል፤ አራት ማዕዘን ሆኖ ነው የሚቀረው ብላ ለእናቷ አስረዳቻት። እናቷ ትሪውን እንደ ሕፃን አልጋ ጎንበስ ብላ አየችው፤ ጠርሙስ ውስጥ አድርገሽ ትሰጪኛለሽ አለቻት፤ ከዚያ ጋደም አለችና ከስምንት ወር በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀን ላይ እንቅልፍ ወሰዳት። ልጅዋ አንሶላ ደረበችላት። እናቷ ዳነች። መምህርቷ እዚያ ቤት የሄደችው ለዚህ ነበር፤ በዚህ ደስ ሊላት ይገባ ነበር፤ ደስም ብሏታል።

ሳፋውን ልታጥብ አነሳችው። ሥሩ ላይ ጭላጭ ቀርቷል፤ ሁለት ጉንጭ ቢሆን ነው። የእቃ ማጠቢያው ገንዳ ከፊቷ ነው። ልትደፋው አዘነበለችና ቆመች። ነገ ሰኞ ነው፤ ያቺ ልጅ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ትቀመጣለች። አዮን ማንንም አያስታውስም ብላ የመለሰችላት መልስ መጽሐፉ ላይ ያለ፣ ፈተና ላይ የሚመጣ፣ ትክክለኛ መልስ ነው። ጠቁረው የቀሩትን ሦስት ጣቶቿን አየቻቸው። በሳሙናም አልለቀቁም።

በርጩማው ከወረደው ዕቃ መሃል በሩ አጠገብ ቆሟል። ከእሱ ጀርባ ያለው ግድግዳ ባለፈው ዓመት ነው የተቀባው፤ ምንም የለበትም፤ ማንም ተደግፎት አያውቅም። ጨው ለግድግዳ ምን እንደሚያደርግ በዚህ ከተማ ከሷ የበለጠ የሚያውቅ የለም፣ ምናልባት ከውሃልክ በስተቀር። እናቷ እንዳትሰማ በእግሯ ጣት እየረገጠች ሄደች፤ በርጩማውን ስባ ከግድግዳው ጋር አስጠጋችው፤ አጎነበሰች።

አንድ ጭላጭ ውሃ ግድግዳ አይጥልም አለች ለራሷ።

"ጫማህን አውልቅ፣ አባባ" አለችና ሳፋውን ቀስ ብላ ግድግዳው ሥር አዘነበለችው።